እውነት ወይስ ተረት? የሞተር ሳይክል ዘይት በንጹሕ ግቢና በንጹሕ እጅ

ቦክሰር፣ ቲቪኤስ ወይም ሌላ ትንሽ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ዘይት የሚያስቀይረው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ነው። ለምን ራሱ እንደማይቀይር ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቤት ውስጥ ከሆነ ግቢው ይበላሻል» የሚል ነው። ዘይት ስለመቀየር ከመካኒክ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ባለሞተር ሲተላለፉ የኖሩ እንዲህ ያሉ አባባሎች ብዙ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ትክክል የሆኑ አሉ፤ ግማሽ እውነት የያዙም አሉ። ሞተሩን፣ የሠራተኛውን ቆዳና የሰፈሩን የጉድጓድ ውሃ የሚጎዱም አሉ። ንጽሕናውን የሚያመጣው ውድ መሣሪያ ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ሥራውን በንጽሕና መሥራት ደግሞ ለዓይን ማማር ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ መሬት ላይ የወደቀ ዘይት መጨረሻው የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሊገደው ይገባል።

«ሳይጨማለቁ ዘይት መቀየር አይቻልም»

ተረት። ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆነ ሞተር የሚይዘው ዘይት በአብዛኛው 1 ሊትር ገደማ ነው። ግቢ የሚበላሸው ዘይቱ ስለበዛ አይደለም፤ የሚያመልጥባቸው ቦታዎች ቀድመው ስለማይታሰቡ ነው። ቦታዎቹ ደግሞ የታወቁ ናቸው። ብሎኑ ሲፈታ ጣት ላይ ይፈስሳል፤ የሞተሩን ሆድ ተከትሎ ወደ ጭስ ማውጫው ቱቦ ይሄዳል፤ ፊልትሮው ሲወጣ ይንጠባጠባል፤ ከሁሉም የባሰው ደግሞ ከሳፋ ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ ይደፋል።

ትልቁ ጣጣ እዚያ ስለሆነ ከመጨረሻው ልጀምር። ሳፋ ጠርዙ ሰፊና ክብ ነው፤ ዘይትን ወደ ጠባብ አፍ ለመገልበጥ አይመችም። በሱ ፋንታ ባዶ የ5 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ይውሰዱ። ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉና በጎኑ ያስተኙት፤ አፉ ወደ መሬት በቀረበበት በኩል ይሁን። ወደ ላይ የዞረውን ሰፊ ጎን በስለታም ቢላ ቆርጠው ያንሱት። ከሞተሩ ሥር የማይገባ ከሆነ ግድግዳውን ዙሪያውን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። አሁን ዝቅ ያለ፣ የራሱ አፍና ክዳን ያለው መቀበያ አገኙ ማለት ነው። ዘይቱ ፈስሶ ሲያበቃ መቀበያውን መጀመሪያ ከአፉ በተቃራኒ ዘንበል አድርገው ክዳኑን ይክፈቱ፤ ከዚያ አፉን ከጠርሙሱ አፍ ጋር አገናኝተው ቀስ ብለው ወደ ፊት ያዘንብሉት። የሚቀበለው ጠርሙስ አዲሱ ዘይት የመጣበት ባዶ ጠርሙስ ነው፤ የወጣውን ለመያዝ በቂ ነው፣ ክዳኑም ዘይት አያሳልፍም። ለዚህ ሲባል ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። አዲሱ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው አሮጌው ወደ ጠርሙሱ የሚሄደው።

ቀጥሎ ጣት ላይ የሚፈስሰውን እንመልከት። ሞተር ሳይክሉን በመሃል ስታንድ ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙት። ከሥሩ ከመቀበያው በጣም የሚሰፋ ካርቶን ያንጥፉ። የማፍሰሻውን ብሎን ዙሪያና የመሙያውን ክዳን ዙሪያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በጨርቅ ያጽዱ። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ክዳኑ ሲከፈት ወደ ውስጥ የሚወድቀው አሸዋ ሞተሩን ይፍቃል። ከዚያ የማፍሰሻውን ብሎን በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ብቻ ያላሉት። ቁልፉን አስቀምጠው፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ ብሎኑን ወደ ሞተሩ እየገፉ ይፍቱት። ሲገፋ ጥርሱ ቀዳዳውን እንደዘጋ ስለሚቆይ ዘይቱ በጎን አያመልጥም። የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ በጣትዎ ይታወቅዎታል፤ በዚያች ቅጽበት እጅዎን ወደ ጎን ሳብ ያድርጉ። የመሙያውን ክዳን እስከዚህ ድረስ አለመክፈት ይሻላል፤ ከላይ አየር እንደልብ ስለማይገባ የመጀመሪያው ፍሰት ረገብ ይላል። ብሎኑ እጅዎ ከገባ በኋላ ክዳኑን ሲከፍቱት ዘይቱ ይፈጥናል።

መቀበያው የሚቀመጥበት ቦታም ይታሰብ። ማፍሰሻው ወደ ጎን የዞረ ከሆነ ዘይቱ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ይወረወራል፤ እየቀነሰ ሲሄድ ግን ወደ ሞተሩ ሥር ይጠጋል። መቀበያውን ሁለቱንም በሚይዝ መልኩ ያስቀምጡት፤ ነፋስ ካለም ነፋሱ ወደሚነፍስበት በኩል ገፋ ያድርጉት። ዘይቱ የሞተሩን ሆድ ወይም ቱቦውን ተከትሎ የሚሄድ ዓይነት ከሆነ፣ ከሃይላንድ ጎን ላይ አራት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጠው ከቀዳዳው ሥር እንደ አሸንዳ ይያዙለት። ቱቦው ላይ የቀረ ዘይት ሞተሩ ሲነሣ ይጨሳል፤ ያየ ሰው ሞተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

በአንዳንድ ትናንሽ ሞተሮች የወረቀት ፊልትሮ የለም፤ ከማፍሰሻው ክዳን ጀርባ በስፕሪንግ የተያዘ የሽቦ ወንፊት ነው ያለው። ክዳኑ ሲለቅ ስፕሪንጉና ወንፊቱ አብረው ዘይት ውስጥ ይወድቃሉ፤ ሰውም እጁን እስከ አንጓው ድረስ ከቶ ይፈልጋል። አሮጌ የሻይ ማጥለያ መቀበያው ላይ ቢያጋድሙ ሁለቱንም ይይዝልዎታል። ያ ማጥለያ ከዚያ በኋላ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም፤ ከመፍቻዎቹ ጋር ይቀመጥ። የወረቀት ፊልትሮ ያላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ሽፋኑ ከመፈታቱ በፊት ዙሪያውን በፌስታል ሸፍነው ይያዙ፤ የሚንጠባጠበውም ፊልትሮውም እዚያው ፌስታል ውስጥ ይገባል።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆም ጥቂት ጠብታ መሬት ላይ ቢወድቅ ውሃ አይድፉበት፤ ውሃ ዘይቱን ያሰፋዋል እንጂ አያነሣውም። ሰጋቱራ በትነው በእግር እሽት አድርገው ይተዉት፤ ሲጠጣው ጠርገው ያንሱት። ሰጋቱራ ከሌለ አመድ ወይም ደረቅ አፈርም ይሆናል። የቀረውን ልውስ በደረቅ ኦሞና በብሩሽ ይሹት።

«ሞተሩ በደንብ እስኪግል ነድቶ ወዲያው ማፍሰስ»

ግማሽ እውነት። የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፤ ቶሎ ይፈስሳል፤ ከሥር የተኛውን ዝቃጭም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሌሊቱን በብርድ ያደረን ሞተር ሳያሞቁ ማፍሰስ ትክክል አይደለም። ከረጅም መንገድ የተመለሰ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ዘይት ግን ከ90 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ያ ዘይት እጅ ላይ ቢፈስስ ቆዳ ይልጣል፤ ከሥሩ ያለው ቱቦም ከዘይቱ የበለጠ ይፈጃል። ደግሞም በጣም የቀጠነ ዘይት መቀበያው ላይ ሲያርፍ ይፈናጠራል። ሞተሩን ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ማስነሣት፣ ወይም ከመንገድ ሲመለሱ ሃያ ደቂቃ ያህል ማሳረፍ ይበቃል። ጓንት ያጠለቀ እጅ የሞተሩን ታችኛ ጎን ሳይሸሽ መንካት ከቻለ ሰዓቱ ደርሷል። ማስነሣቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

«የቀረውን በናፍታ ማጠብ ያስፈልጋል»

ተረት፤ በኛ አገር ጋራዦች ግን ሥር የሰደደ ነው። አሮጌው ከፈሰሰ በኋላ ናፍታ ወይም ነጭ ጋዝ ጨምሮ ሞተሩን ጥቂት አስነሥቶ ማፍሰስ ሞተሩን ያጸዳል ተብሎ ይታመናል። የሞተር ዘይት ሥራው በሚፋተጉ ብረቶች መሃል ንጣፍ ሆኖ መለየት ነው። ናፍታ ያንን ንጣፍ መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ሞተሩ «በሚታጠብባቸው» ደቂቃዎች ብረት ከብረት ይገናኛል። ሲፈስስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ በየጓዳው የቀረው ከአዲሱ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ያቀጥነዋል። ገንዘብ የወጣበት አዲስ ዘይት ገና ሥራ ሳይጀምር ይዳከማል።

የአምራቹን መጽሐፍ የከፈተ ሰው ስለዘይት መጠን ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ያገኛል። አንዱ ዘይት ሲቀየር የሚሞላው ነው፤ ሌላው፣ ከፍ የሚለው፣ ሞተሩ ተፈትቶ ሲገጠም የሚሞላው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዘይት ሲቀየር ውስጥ የሚቀረው አሮጌ ዘይት ነው። አምራቹ ያውቀዋል፤ አስቦበትም ነው ቁጥሩን የጻፈው። ስለዚህ የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት ሞተር ሳይክሉን ማገላበጥም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ እንዲያድር መተውም አያስፈልግም። ፍሰቱ ወደ ጠብታ ሲለወጥ ሞተር ሳይክሉን ወደ ግራና ቀኝ ጥቂት ዘንበል አድርጎ ማቅናት ይበቃል።

«ዘይቱ ከጠቆረ አልቋል»

ተረት። ዘይት ውስጥ ቆሻሻን ከብረት ላይ የሚያላቅቁና እንዳይዘቅጥ አንሳፍፈው የሚይዙ ቅመሞች አሉ። ልብስ ያጠበ ውሃ መጥቆሩ ሳሙናው መሥራቱን እንደሚያሳይ ሁሉ፣ ጥቂት ሳምንት የሠራ ዘይት መጥቆሩም ጥላሸቱ በዘይቱ ተይዞ መቆየቱን ያሳያል። እንዲያውም ለወራት ከተነዳ በኋላ ቀለሙ ንክች ያላለ ዘይት ሲያጋጥመኝ ነው ጥያቄ የሚፈጠርብኝ።

ከቀለም ይልቅ የወጣው ዘይት ሌላ ብዙ ይናገራል። ቡና በወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ወይ በጎርፍ ውስጥ ተነድቷል፣ ወይ አጭር አጭር መንገድ ብቻ እየሄደ ሞተሩ በቅጡ ስለማይግል የውስጡ እርጥበት አልተነነም። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸትና እንደ ውሃ የቀጠነ ከሆነ ካርቡራተሩ ይታይ። መቀበያው ሥር ማግኔት ይዘው ዘይቱን ሲያወዛውዙ የሚሰበሰብ ደቃቅ የብረት ዱቄት በአዲስ ሞተር የመጀመሪያ ቅየራ ላይ የሚጠበቅ ነው፤ ገና እየተላመዱ ያሉ ጥርሶች ይፈቃሉና። በቆየ ሞተር ላይ በዓይን የሚለይ ስባሪ ከተገኘ ግን ወደ መካኒክ የሚያስኬድ ነው። በንጹሕ መቀበያ ዘይት የማፍሰስ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት ይህን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

መቼ ይቀየር ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ቆጣሪው የማይቆጥረው ሥራ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ በመንገድ መዘጋጋት መሃል ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም የሚያሳልፈው ሰዓት ኪሎ ሜትር ላይ አይታይም፤ ዘይቱ ግን ይሠራል፣ ይግላል። አቧራ የሚበዛበት የገጠር መንገድም እንደዚሁ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ከተጻፈው ቀደም ብሎ መቀየር ትክክል ነው። የአየር ፊልትሮውንም አብሮ ማጽዳት ይገባል፤ አቧራው ወደ ዘይቱ የሚገባው በዚያ በኩል ነውና።

«ዘይት ዘይት ነው፤ የመኪናውም ይሆናል»

ይህ ከሁሉም በላይ ማብራሪያ የሚሻ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ግማሹን ይዞ ነው።

መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ሞተሩን ብቻ ያለሰልሳል፤ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ፍሪሲዮን ደግሞ ደረቅ ነው። አብዛኛው ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ላይ ግን ያው አንድ ሊትር ዘይት ሦስቱንም ያገለግላል፤ ፒስተኑን ያለሰልሳል፣ የካምቢዮውን ጥርሶች ይለያል፣ የፍሪሲዮኑ ዲስኮችም እሱ ውስጥ ተነክረው ይሠራሉ። ችግሩ ፒስተንና ፍሪሲዮን የሚፈልጉት ተቃራኒ መሆኑ ነው። ፒስተን እንዲንሸራተት ይፈለጋል፤ ፍሪሲዮን እንዲይዝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ፍትጊያን የሚቀንሱ ቅመሞች የበዙበት የመኪና ዘይት ሲገባ ዲስኮቹ መያዝ ያቅታቸዋል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን ዳገት ላይ አይሄድም። ባለቤቱም ፍሪሲዮኑ አልቋል ብሎ አዲስ ዲስክ ይገዛል።

የጃፓን የመኪና ደረጃዎች ድርጅት፣ በአህጽሮት ጃሶ የሚባለው፣ ይህንን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች የተለየ የዘይት ደረጃ አወጣ። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ከተጻፈ ዘይቱ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ተፈትኗል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደረጃው «ኤምኤ1» እና «ኤምኤ2» ተብሎ ተከፍሏል፤ ኤምኤ2 የበለጠ የሚይዘው ነው። «ኤምቢ» የሚለው ደግሞ ፍትጊያው ዝቅ ያለና ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ማርሽ አልባ ስኩተሮች የሚሆን ነው። ስለዚህ ከወፍራምና ቀጭን ክርክር በፊት መታየት ያለባቸው ፊደላት እነዚህ ናቸው።

የመኪና ዘይት ሁሉ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል ማለት ግን አይደለም። ፍትጊያ የሚቀንሱት ቅመሞች የሚበዙት በቀጫጭኖቹ፣ ማለትም የውፍረት ቁጥራቸው መጨረሻ 30 እና ከዚያ በታች በሆኑት ነዳጅ ቆጣቢ ዘይቶች ላይ ነው። ብዙ ሰው 20ደብልዩ50 የመኪና ዘይት ጨምሮ ለዓመታት የነዳው ለዚህ ነው፤ ዋሸ ሊባል አይገባም። ለከባድ መኪና ናፍታ ሞተር ከተሠሩ 15ደብልዩ40 ዘይቶች መካከልም ጃሶ ኤምኤን እናሟላለን ብለው ጠርሙሳቸው ላይ የሚጽፉ አሉ። የሚቀረው ችግር ካምቢዮው ነው። የማርሽ ጥርሶች የዘይቱን ውፍረት የሚጠብቁትን ረጃጅም ሞለኪዩሎች እየቆራረጡ ያቀጥኑታል። የጃሶ ደረጃ ይህን መቋቋሙንም ይፈትናል፤ ለመኪና ብቻ የተሠራ ዘይት ግን ካምቢዮ ያጋጥመኛል ተብሎ ስላልተሠራ ቶሎ ሊደክም ይችላል። ምርጫ ካለ ኤምኤ የተጻፈበትን ይግዙ፤ መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎ ሌላ ካልተገኘ ግን ነዳጅ ቆጣቢ ያልሆነ የመኪና ዘይት ጨምሮ ቤት መድረስ በጎደለ ዘይት ከመንዳት እጅግ ይሻላል።

ውፍረቱን በተመለከተ «ወፍራም ይሻላል» የሚለውም በጭፍን አይያዝ። 20ደብልዩ50 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ ጊዜ፣ ሁለተኛው በሞቀ ጊዜ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ደብረ ብርሃን ላይ በጥቅምት ማለዳ የሚነሣ ሞተርና ሰመራ ላይ በቀትር የሚሠራ ሞተር የሚገጥማቸው አንድ አይደለም። አምራቹ የፈቀደውን ክልል የሚያሳይ ሰንጠረዥ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ከዚያ መውጣት አያስፈልግም።

ባለ ሁለት ምት የሆኑት፣ እንደ ያማሃ ኤጂ100 ያሉት፣ ከዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። እነሱ ዘይትን ከቤንዚን ጋር ያቃጥላሉ፤ ካምቢዮአቸው ግን የራሱ ዘይት አለው፤ እሱም መቀየር አለበት። ብዙዎቹ ባለቤቶች የላይኛውን ሲሞሉ የታችኛውን ይረሱታል።

«ብሎኑ በደንብ ካልጠበቀ ያፈስሳል»

ተረት፤ ብዙ ሞተር ያበላሸ ተረት። ብሎኑ ብረት ነው፤ የሚገባበት የሞተሩ አካል ግን አልሙኒየም ነው። በቧንቧ የተረዘመ ቁልፍ ይዞ ባለ በሌለ ኃይል የሚያጠብቅ ሰው የአልሙኒየሙን ጥርስ ይልጠዋል። ከዚያ ወዲያ ብሎኑ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም፤ ጥገናውም አዲስ ጥርስ አስቀርጾ ማስገባት ነው። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች የሚፈቀደው ጥብቀት ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ለሌለው ሰው ይህ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 12 ኪሎ ገደማ ክብደት ማሳረፍ ማለት ነው፤ በአንድ እጅ አንጓ የሚሠራ እንጂ ትከሻ የሚጠይቅ አይደለም።

ዘይት እንዳያልፍ የሚያደርገው ጉልበቱ ሳይሆን ሮንዴላው ነው። የመዳብ ወይም የአልሙኒየም ሮንዴላ ሲጠብቅ ይደፈጠጥና በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። አንዴ የተደፈጠጠ ሮንዴላ እንደገና አይደፈጠጥም፤ ስለዚህ ነው የድሮውን መልሶ የገጠመ ሰው ሲያፈስስበት ኃይል የሚጨምረው። ዋጋው ከዘይቱ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ዘይት ሲገዙ አብረው ይግዙት። ብሎኑም ሲገጠም መጀመሪያ በጣት ይዙር፤ በጣት ሁለት ሦስት ዙር ካልሄደ ተጣሞ ገብቷልና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ።

«ዘይት የነካ እጅ በቤንዚን ይጸዳል»

ቤንዚን ዘይቱን ያስለቅቃል፤ ያ እውነት ነው። የቆዳን የተፈጥሮ ቅባትም አብሮ ያነሣል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚኑ ውስጥም ሆነ ዘይቱ ውስጥ ያሉት መርዛማ ነገሮች በቀላሉ የሚገቡበት መንገድ ያገኛሉ። ይህ የሚያሳስበኝ ለአንድ ጊዜ ለሚሠራው ባለሞተር ሳይሆን፣ ጋራዥ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ በየቀኑ እጁን ቤንዚን ውስጥ ለሚነክረው ረዳት ነው። የሞተር ዘይት ሲሠራ ከቤንዚን መቃጠል የሚመጡ ካንሰር አምጪ ውህዶችን ይሰበስባል። በአይጦች ቆዳ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ያገለገለ የቤንዚን ሞተር ዘይት ዕጢ ማስከተሉ ታይቷል። አዲሱ ዘይት እጅ ቢነካ ብዙ አያስፈራም፤ የተቃጠለው ግን ሌላ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ቀጭን የሕክምና ጓንት ማጥለቅ ነው። ጓንት ከሌለ ከሥራው በፊት እጅ ላይ ቫዝሊን መቀባትና ጥፍር ሥር ሳሙና ማስገባት ኋላ ላይ ማስለቀቁን ያቀልላል። የተለወሰ እጅ ደግሞ ውሃ ሳይነካው በፊት በጥቂት የምግብ ዘይትና በስኳር ይታሽ፤ የምግብ ዘይቱ የሞተሩን ያሟሟል፣ ስኳሩ ይፍቃል። ቀጥሎ በሳሙናና በለብታ ውሃ ሲታጠብ ይለቃል። በዘይት የራሰ ጨርቅ ኪስ ውስጥ አይቀመጥ፤ በየመንገዱ የሚታየው ይህ ልማድ ዘይቱን ቀኑን ሙሉ ጭን ላይ ያሳድራል።

«የተቃጠለ ዘይት ብዙ ጥቅም አለው፤ አይጣልም»

አይጣልም የሚለው እውነት ነው። ጥቅም የሚባሉት ግን አብዛኞቹ ጉዳት ናቸው።

ሰንሰለት ላይ መቀባት አንዱ ነው። የተቃጠለው ዘይት ጥላሸትና ደቃቅ የብረት ፍቅፋቂ ይዟል፤ ሰንሰለቱን ያለሰልሳል ተብሎ ይሞርደዋል። ሲዞር ደግሞ ይረጫል፤ የኋላ ጎማና ፍሬን ላይ ያረፈ ዘይት ምን እንደሚያደርግ መናገር አያሻም። የካምቢዮ ዘይት በጥቂቱ በጨርቅ ቀብቶ ትርፉን መጥረግ ይሻላል።

የአጥር እንጨት ሥር ለምስጥ መከላከያ፣ ግቢ ላይ ደግሞ ለአቧራ ማብረጃ ማፍሰስም በብዙ ሰፈር የተለመደ ነው። እንጨቱን ለጊዜው ይጠብቅ ይሆናል፤ አቧራውም ለጊዜው ይረግባል። ዝናብ ሲመጣ ግን ዘይቱ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ወይም በጎርፍ ይሄዳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከአንድ የመኪና ዘይት ቅየራ የሚወጣው ያገለገለ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። የሞተር ሳይክሉ የዚያ ሩብ ቢሆን ነው፤ ሩቡም ለአንድ ሰፈር ጉድጓድ ከበቂ በላይ ነው። በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው ታይምስ ቢች የተባለች ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአፈር መንገዶቿ አቧራ እንዳይነሣ ያገለገለ ዘይት አስረጭታ ነበር። ዘይቱ ውስጥ ዲዮክሲን የያዘ የፋብሪካ ቆሻሻ ተቀላቅሎበት ኖሮ፣ በ1983 መንግሥት የከተማዋን ቤቶች እንደሚገዛ አስታውቆ ነዋሪዎቿን አስነሣ። የሰፈራችን ዘይት ያ መርዝ አለበት ማለቴ አይደለም። በየሰዉ እጅ ያለፈ ዘይት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ የሚያውቅ አለመኖሩን ግን ያ ታሪክ በደንብ ያሳያል። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነት ያገለገለ የማዕድን ዘይትን በአደገኛ ቆሻሻዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል።

የተቃጠለ ዘይት ቅመሙ ያልቃል፣ ይቆሽሻል እንጂ መሠረቱ አይሞትም፤ ተጣርቶ እንደገና ዘይት ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ንጹሑን ብቻ ለይቶ ያስቀመጠ ሰው ሲያስረክብ ነው። ውሃ፣ ቤንዚን፣ ናፍታ ወይም የፍሬን ዘይት አይቀላቀልበት። ዘይት የሚያጠራቅም በርሜል ላለው ጋራዥ ወይም የዘይት ቅየራ አገልግሎት ለሚሰጥ ማደያ ያድርሱት፤ የት እንደሚያደርሰውም ይጠይቁ። ጀርመን የሚኖሩ አንባቢዎች ዘይቱን ሲገዙ ደረሰኙን ይያዙ፤ እዚያ ሻጩ የሸጠውን ያህል ያገለገለ ዘይት መልሶ የመቀበል ግዴታ አለበት። በአሜሪካም ያለ ክፍያ የሚቀበሉ የመኪና ዕቃ መደብሮች ብዙ ናቸው።

እስኪያደርሱት ድረስ የት ይቀመጥ? በመጣበት የሞተር ዘይት ጠርሙስ፣ ላዩ ላይ «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ ተጽፎበት፣ ሕፃን በማይደርስበት ቦታ። በሃይላንድ፣ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በምግብ ዘይት ጀሪካን በፍጹም አይቀመጥ። ቤታችን ውስጥ ውሃውም፣ ጠላውም፣ ነጭ ጋዙም በአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ነው የሚቀመጠው። የተጠማ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አይመረምርም፤ ዘይት ሲውጥ ወደ ሳንባ ከገባበት ሕይወቱን ያሰጋዋል። መቀበያ ሆኖ ያገለገለው ጀሪካንም ተቆርጦ ስለተከፈተ ለምግብ አይመለስም፤ ይኼኛው ጥቅሙ ነው።

«ትንሽ በዛ ብሎ ቢሞላ ለሞተሩ ይጠቅማል»

ተረት። ከመጠን በላይ የሞላ ዘይት በሚሽከረከረው የሞተሩ ዋና ዘንግ እየተደበደበ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን አይለይም። ትርፉ በመተንፈሻ ቱቦው ወጥቶ የአየር ፊልትሮውን ያረጥባል፤ ጓርኒሲዮንም ይፈትናል። ጠርሙሱ 1 ሊትር ነው ተብሎ ሙሉውን መገልበጥ አይገባም፤ የሞተሩ ልክ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ከሚፈለገው ትንሽ ዝቅ አድርገው ይሙሉ። አንገቱ ተቆርጦ የተገለበጠ ንጹሕና ደረቅ ሃይላንድ ለማንቆርቆሪያ ይበቃል። የመሙያውን ክዳን ይዝጉና ሞተሩን ሁለት ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ያስነሡ፤ ካጠፉ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁና ይለኩ። አዲሱ ፊልትሮ የሚጠጣው ዘይት በዚህ ይታወቃል፤ የጎደለውን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ።

ሲለካ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በጎን ስታንድ ላይ ያዘነበለ ሞተር የተሳሳተ ልክ ያሳያል። መለኪያው ዘንግ መጀመሪያ ተጠርጎ ይገባል። በአንዳንድ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በብዙዎቹ ሆንዳዎች፣ ሳይዞር ጥርሱ ላይ ያርፋል እንጂ አይጠመዘዝም፤ በሌሎች ደግሞ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ነው የሚነበበው። ይህ ልዩነት መጽሐፉ ላይ አለ፤ ሳያዩ በልማድ መለካት ዘይቱን ያበዛል ወይም ያሳንሳል። የመስኮት ብርጭቆ ያላቸው ላይ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መታየት አለበት። ኪሎ ሜትሩንና ቀኑን ከመቀመጫው ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በማግስቱ ከመነሣትዎ በፊት የማፍሰሻውን ብሎን ዙሪያ በነጭ ጨርቅ ይንኩት፤ ጨርቁ ከራሰ ሮንዴላው ይታይ። ከዚያ በኋላም ዘይቱን በየሳምንቱ ይለኩ፤ በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች በሁለት ቅየራዎች መካከል ጥቂት ዘይት ይበላሉና።